ከመስቀል ፍላወር እስከ ፍቅር ሐይቅ

የምንኖርበት ሰፈር ስም ግማሹ አማርኛ፣ ግማሹ እንግሊዝኛ ነው፤ መስቀል ፍላወር። በቂርቆስ ክፍለ ከተማ ሆቴሉ፣ ካፌው፣ ሥጋ ቤቱና የእንግዳ ማረፊያው ተጠጋግተው የቆሙበት፣ ማታ ማታ ድምቀቱ የሚጨምር ሰፈር ነው። የስሙ ትርጉም አደይ አበባ መሆኑን ስንነግራቸው እዚሁ ያደጉት ልጆቻችን እንኳ ተገርመዋል። እውነትም አበባውን ከአስፋልቱ ዳር ፈልጋችሁ አታገኙትም፤ በመስከረም በእቅፍ ተይዞ ሲሸጥ ካልሆነ በቀር።

ውድ አንባቢያን፣ ዛሬ ልጽፍላችሁ የተነሣሁት ግን ስለ አበባው ውበት አይደለም። አደይ የሚፈነዳበት ወቅት፣ ክረምቱ ወጥቶ ውኃው በየጉድጓዱ የሚያቁርበት፣ በቆላውና በስምጥ ሸለቆው የወባ ትንኝ የምትራባበት ወቅት ነው። በአገራችን ወባ ይበልጥ የሚበረታው ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ነው። እኛ ደገኞች መንገዱ ደረቀ፣ ሰማዩ ጠራ ብለን ለሽርሽር የምንወርደውም በዚያው ሰሞን ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በጥቅምት ወር፣ እኛም ወረድን። የጋብቻችንን አሥራ አምስተኛ ዓመት ለማክበር ነበር። አገልግሎት ሲበዛ መጀመሪያ የሚረሳው የአገልጋዩ ቤት ነውና፣ ባለቤቴ ሦስት ቀን ስልኩን ዘግቶ ከእኛ ጋር ሊሆን ቃል ገባ። ሞጆን፣ መቂን፣ ዝዋይን አልፈን ሐዋሳ ገባን። አሞራ ገደል ዓሣ በላን። አመሻሽ ላይ ፍቅር ሐይቅ ዳር ልጆቹን ፊት ፊት አስቀድመን፣ እጅ ለእጅ ተያይዘን፣ ስንት ወር ያላወራነውን አወራን። ፀሐይ ጠልቃም ከዚያ መነሣት አልፈለግንም።

ያደርንበት ክፍል አልጋዎች ላይ አጎበር ተጠቅልሎ ተሰቅሏል። ባለቤቴ አየት አደረገና፣ «እኛ የመስቀል ፍላወር ሰዎች አጎበር ምን ያደርግልናል? ጸልየን አይደል የመጣነው?» አለኝ። እኔም ሳቅሁ፤ አጎበሩንም እንደ ተጠቀለለ ተውኩት። ይህን የምጽፈው እሱን ለመክሰስ አይደለም፤ የሳቅሁት እኔ ነኝ።

ሲነጋ የትንሿ ልጃችን እጅና እግር በንክሻ አባብጦ ነበር። እናቴ ታደርግ እንደነበረው ሎሚ ቆርጬ አሸሁላትና ውኃ ዳር ስትጫወት ዋለች። ሎሚ የነካው ቆዳ ፀሐይ ሲያርፍበት እንደሚቃጠል የተማርኩት ከሁለት ቀን በኋላ፣ ንክሻው አጠገብ ያለው ቆዳዋ ቀልቶና ጠቁሮ ሳየው ነው።

ወደ ቤት በተመለስን በአሥራ ሁለተኛው ቀን ልጅቷን ትኩሳትና ብርድ ብርድ አላት። ጉንፋን ነው አልን። ባሰባትና ወደ ክሊኒክ ወሰድናት፤ ትኩሳቱን ተናገርን፣ ራስ ምታቱን ተናገርን፣ ሐዋሳ መሄዳችንን ግን አልተናገርንም። የታይፎይድ መድኃኒት ተሰጥቶን ተመለስን። በሦስተኛው ቀን ነርስ የሆነች የጸሎት ኅብረታችን እህት ልትጸልይላት መጣች። ገና ተንበርክካ ሳትጨርስ ቀና ብላ፣ «እትዬ፣ በቅርቡ ቆላ ወርዳችሁ ነበር እንዴ?» አለችኝ። ያ ጥያቄ ነው ልጄን ያተረፈልኝ። ጸሎቱን ጸለየች፤ ተነሥተንም ለደም ምርመራ ሮጥን። ፋልሲፓረም የሚባለው ከባዱ የወባ ዓይነት ነበር። የሦስት ቀን መድኃኒቱን ሳናቋርጥ ሰጠናት፤ ዳነችልን፤ ጌታ ይመስገን።

ደገኛ መሆን ለምን ያሰጋል?

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ ትገኛለች። ሐዋሳ 1,700 ሜትር ገደማ፣ አርባ ምንጭ ደግሞ 1,300 ሜትር ገደማ ናቸው። ወባ ባለበት አገር የኖረ ሰው ሰውነቱ በሽታውን በመጠኑ ይለማመደዋል፤ የእኛ ሰውነት ግን አያውቀውም፤ ስለዚህ ሲይዘን ይጸናብናል። በ1958 እ.ኤ.አ. ወረርሽኙ ወደ ወይና ደጋው በወጣ ጊዜ ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው ታምሞ 150 ሺህ ያህሉ እንደ ሞተ ይገመታል። ያለፈ ታሪክ ነው እንዳንል፣ በ2024 እ.ኤ.አ. እስከ ጥቅምት ብቻ በአገራችን ከ7 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማን ተመዝግበዋል።

ባለቤቴ ከዚያ በኋላ ዘዳግም 22፥8ን ደጋግሞ አነበበ። አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ማንም እንዳይወድቅ በጣሪያው ዙሪያ መከታ እንዲያበጅ የታዘዘበት ስፍራ ነው። መከታ የሠራው እስራኤላዊ እምነት የጎደለው አልነበረም፤ ታዛዥ ነበር። «አጎበርም ለእኛ መከታ ነው» አለኝ።

ስትጓዙ

አጎበር ካለ ዘርግታችሁ ቀዳዳ እንደሌለው እዩ፤ ጫፉንም ፍራሹ ሥር አስገቡ። ማታ እጀ ረጅምና ሱሪ ልበሱ። ዲት ያለበትን ፀረ ትንኝ ቅባት ከፀሐይ መከላከያው በኋላ ተቀቡ፤ የሕፃናትን መዳፍና ዓይን አካባቢ ግን አታስነኩ፤ ሁለት ወር ያልሞላውን ጨቅላ ጭራሽ አትቀቡ። ነፍሰ ጡር ሴት ወባ ስለሚጸናባት ጉዞውን አስቀድማ ከሐኪም ጋር ብትመክር ይሻላል። ክፍል እንደ ገባችሁ የፍራሹን ስፌት ገልጣችሁ ትኋን ፈልጉ፤ ሻንጣችሁንም አልጋ ላይ አታስቀምጡ።

እቤት

ሰፈራችን ውኃ ስለሚጠፋ ሮቶና በርሜል የሌለው ግቢ ጥቂት ነው። ክዳናቸው ይገጠም። በ2016 እ.ኤ.አ. ቀብሪ ደሃር ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ በአገራችን የተገኘችው ስቴፈንሲ የተባለች የወባ ትንኝ በከተማ፣ በውኃ ማጠራቀሚያ ውስጥ የምትራባ ናት፤ በ2022 እ.ኤ.አ. በድሬዳዋ ለተነሣው የወባ ወረርሽኝም ምክንያት ሆናለች። ቁንጫ ካለ ውሻውንና መኝታውን አብራችሁ አጽዱ።

የተነከሰውን ቦታ በሳሙናና በውኃ እጠቡ፤ በቀዝቃዛ ጨርቅ ያዙት፤ የልጆችን ጥፍር ቁረጡ። ማሳከኩ ከበረታ ካላማይን ቀቡ። ሎሚ፣ ነጭ ሽንኩርትና የጥርስ ሳሙና ይቅሩ። ንብ ከነደፈች እሾኳን ቶሎ አውጡ። ቅላቱ እየሰፋ ከሄደ ወይም መግል ከቋጠረ ሐኪም ይየው። ፊት ካበጠ ወይም ትንፋሽ ካጠረ ደግሞ ሳትዘገዩ ወደ ሆስፒታል ሩጡ።

ከሁሉ በላይ ከቆላ ከተመለሳችሁ በኋላ ትኩሳት ከመጣ፣ ሳምንታት፣ ወራትም ቢያልፉ፣ «ቆላ ወርደን ነበር» ብላችሁ ጀምሩ። ሐኪሙ ባይጠይቃችሁም ንገሩት፤ ደሙም ይመርመር።

ባለፈው ጥቅምት እንደገና ሐዋሳ ወረድን። ፍቅር ሐይቅ ዳር አመሸን፤ ቅባታችንን ተቀብተን፣ እጀ ረጅም ለብሰን። ማታ ባለቤቴ ከማንም ቀድሞ የልጆቹን አጎበር ዘረጋ፣ ጫፉንም ዙሪያውን ፍራሹ ሥር አስገባ። ከዚያ በኋላ ተንበርክከን ጸለይን።