ግቢውን ሳያዩ መምረጥ፦ ስለ አንድ ቀን የጉብኝት ዕቅድ

በኢትዮጵያ አንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ የዩኒቨርሲቲ ምርጫውን የሚሞላው ብዙውን ጊዜ ከስም ዝርዝር ላይ ነው። በዝርዝሩ ከሰፈሩት ግቢዎች አንዱንም በዓይኑ አይቶ የማያውቅ ወጣት የከተማውን ርቀት፣ የአየሩን ጠባይና የዘመድ ወሬን አመዛዝኖ ቅደም ተከተል ያወጣል፤ የቀረውን ምደባው ይወስንለታል። ከ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ አንሥቶ ብሔራዊ ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት ስለ ጀመረ፣ በርካታ ተማሪዎች ከምደባቸው አስቀድሞ በአንድ ግቢ ውስጥ አድረዋል። ይሁን እንጂ ስልኩን ቤቱ ትቶ፣ ከመኝታ ክፍል ወደ መፈተኛ ክፍል ሲመላለስ ሰንብቶ የሚወጣ ተፈታኝ ያደረበትን ግቢ ጎብኝቶታል ለማለት አይቻልም። ይህ ጽሑፍ በደብረ ብርሃን የሚኖሩ እኅትና ወንድም ያወጡትን የአንድ ቀን የጉብኝት ዕቅድ መነሻ በማድረግ፣ ጉብኝት ለአመልካች ምን ሊያሳይ እንደሚችልና ምን እንደማይችል ይመለከታል።

የታላቅ ወንድም ምርጫ

የቤቱ የበኩር ልጅ ከስድስት ዓመት በፊት በመጀመሪያ ተራ የመረጠው ዩኒቨርሲቲ ደረሰው። በሰፈሩ እንደ ዕድለኛ ተቆጠረ፤ እናቱም በሶ ቋጥረው ሸኙት። የመረጠው ግን ስም ነበር። መካኒካል ምሕንድስና የመማር ሐሳብ ይዞ የሄደው ወጣት፣ ወደ ትምህርት ክፍል የሚገባው በመጀመሪያው ዓመት ውጤትና ትምህርት ክፍሉ በሚቀበለው ቁጥር ልክ መሆኑን የተረዳው ግቢው ከገባ በኋላ ነው። የደረሰው የትምህርት ክፍል ያላሰበው ሆነ። በሁለተኛው ዓመት አጋማሽ ሻንጣውን ይዞ ተመለሰ፤ ዛሬ በአንድ ጋራዥ ተቀጥሮ ይሠራል። ቤተሰቡ ስለዚያ ጊዜ ብዙ አይናገርም። ታናሽ እኅቱ 12ኛ ክፍል ስትደርስ ግን፣ “አንቺ ሳታዪ ቅጽ አትሞዪም” ያላት እርሱ ነው።

ዕቅዱ

የልጅቱ ፍላጎት ሥነ ሕንፃ ነው፤ ዓይኗ ያረፈውም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ላይ ነው። ዩኒቨርሲቲው ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ ተማሪው ራሱ አመልክቶና የተቋሙን የመግቢያ ፈተና ወስዶ የሚገባበት በመሆኑ፣ አስቀድሞ አይቶ መወሰን ከቀድሞው የበለጠ ትርጉም አግኝቷል። የመጀመሪያ ዕቅዷ አንድ መስመር ብቻ ነበር፦ “ስድስት ኪሎ ሄዶ ማየት”። ለእርሷም እንደ ብዙ ሰው ዩኒቨርሲቲው ማለት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ለከፍተኛ ትምህርት የሰጡት የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነው። ጉዳዩን ስታጣራ ግን ዩኒቨርሲቲው በአንድ አጥር የማይታጠር መሆኑን ተገነዘበች። የተፈጥሮ ሳይንስ አራት ኪሎ፣ ቴክኖሎጂ አምስት ኪሎ፣ ሕክምና ጥቁር አንበሳ፣ የእንስሳት ሕክምና ደግሞ ቢሾፍቱ ነው። ሥነ ሕንፃ የሚሰጠው ልደታ አካባቢ፣ በ1940ዎቹ በተቋቋመው የኢትዮ ስዊድን የሕንፃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ግቢ ነው። ይህን ሳያጣሩ ቢነሡ ኖሮ፣ ሌላ ሰው የሚማርበትን ግቢ ሲያደንቁ ውለው በተመለሱ ነበር።

ቀን መምረጡም ቀላል አልነበረም። ቅዳሜና እሑድ ቢሮ ዝግ ነው። ዓርብ የምሳ ዕረፍቱ ከ5፡30 እስከ 7፡30 የሚዘልቅ በመሆኑ፣ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ለሚደርስ ባለ ጉዳይ ቀኑ ያጥርበታል። በክረምት መደበኛው ተማሪ የለም፤ በፈተና ሰሞን ተማሪው ቢኖርም ጊዜ የለውም። ስለዚህ በሁለተኛው መንፈቀ ዓመት አጋማሽ ላይ የሚውል አንድ ሐሙስ ተመረጠ። ወንድሟ የዕለት ደመወዙ እንዲቀርበት ተስማማ፤ ከትምህርት ቤቷም የድጋፍ ደብዳቤ ተጻፈላት።

በመጨረሻ በአንድ የደብተር ገጽ ላይ ዐሥር ጥያቄዎች ሰፈሩ። የመጀመሪያው ዓመት ትምህርት የሚሰጠው በየትኛው ግቢ ነው? የሴቶች መኝታ ከመማሪያው ምን ያህል ይርቃል? ቤተ መጻሕፍቱ እስከ ስንት ሰዓት ያገለግላል? ለመሣያ መሣሪያና ለሞዴል መሥሪያ የሚወጣው ገንዘብ ከማን ኪስ ነው? የቀሩትም ይህን የመሰሉ ነበሩ። ዐሥረኛውን ወንድሟ በራሱ እጅ ጻፈው፦ “ትምህርት ክፍሉ መግባቷ የሚረጋገጠው መቼ ነው?”

ጉብኝቱ

ከሌሊቱ 11 ሰዓት ከቤት ወጥተው ረፋዱ ላይ ላምበረት መናኸሪያ ወረዱ፤ ከዚያ በታክሲ አቆራርጠው ልደታ ደረሱ። ጥበቃው መታወቂያቸውንና ደብዳቤውን ተመልክቶ አስገባቸው። ልጅቱ ስትገባ የተመለከተችው ሕንፃዎቹን ነበር፤ ስትወጣ የምታወራው ግን ስለ አንዲት የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነበር። ተማሪዋ ከካርቶን የቆረጠችውን ሞዴል እያጣበቀች ለሃያ ደቂቃ ያህል አነጋገረቻት። ሥራ ማስረከቢያ ሲደርስ ሌሊቱን ሳይተኙ ማንጋት የተለመደ መሆኑን፣ ካርቶንና ወረቀት ለመግዛት ከቀለቧ የቀነሰችበት ወር መኖሩን አልደበቀችም። ልጅቱ፣ “ታዲያ ለምን አልተውሽውም?” ስትል ጠየቀቻት። “መሥራቱን ስለምወደው ነው፤ ካልወደድሽው ግን አትምጪ” አለቻት።

ዐሥረኛውን ጥያቄ ያቀረበው ወንድሟ ነው። በሬጅስትራር ያነጋገሩት ሠራተኛ አሠራሩ ከዓመት ዓመት ሊለወጥ ስለሚችል የዓመቱ ማስታወቂያ ሲወጣ በጽሑፍ የሰፈረውን እንዲያረጋግጡ መከሯቸው። መልሱ አላረካውም። ሆኖም አንድ ጥያቄ ገና መልስ እንደሌለው ሳይመዘገቡ ማወቅና ከተመዘገቡ በኋላ ማወቅ አንድ አይደሉም፤ ይህን ከእርሱ የተሻለ የሚያውቅ በዚያ ቢሮ ውስጥ አልነበረም። ወረቀቱን ካጠፈ በኋላ ያልተጻፈ ዐሥራ አንደኛ ጥያቄ ጨመረ፦ ትምህርቱን አቋርጦ የቆየ ሰው በማታው መርሐ ግብር ማመልከት ይችል እንደሆነ ጠየቀ። እኅቱ ስለ ትምህርት ሲጠይቅ ስትሰማው ከተመለሰ ወዲህ ይህ የመጀመሪያዋ ነበር።

ከአንድ ገጠመኝ ምን ይወሰዳል?

የአንድ ቤተሰብ ገጠመኝ የአገር ማስረጃ አይሆንም። ቢሆንም ለምርምር የሚበቃ ነጥብ ይጠቁማል። የጉብኝቱ ጥቅም ከመንገዱ በፊት የጀመረ ነው፤ ልጅቱ የትኛው ትምህርት የትኛው ግቢ እንደሚሰጥ ያወቀችው ደብረ ብርሃን ተቀምጣ፣ ዕቅዷን ስታወጣ ነው። ከጋምቤላ ወይም ከጎዴ ለሚያመለክት ተማሪ የአንድ ቀን ደርሶ መልስ የማይታሰብ ነው፤ ለእርሱ መንገዱ ባይቻልም ጥያቄዎቹ ይቻላሉ። እያንዳንዱ ትምህርት ክፍል እነዚህን ለመሰሉ ጥያቄዎች በየዓመቱ የታደሰ መልስ ጽፎ ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ቢልክ፣ ወጪው የጥቂት ገጽ ወረቀት ነው። ግቢውን በየቀኑ የሚረግጥ የድኅረ ምረቃ ተማሪም በበሩ አጠገብ ግራ ተጋብቶ ለቆመ ወጣት ሃያ ደቂቃ ቢሰጥ፣ ከማናቸውም መመሪያ መጽሔት የተሻለ ሊያስረዳው ይችላል።

ከዐሥሩ ጥያቄዎች ሰባቱ መልስ አግኝተዋል። ልጅቱ ገና አልወሰነችም። ያንኑ ወረቀት ይዛ በቅርቡ የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲን ልትጎበኝ አስባለች፤ ከቤታቸው በእግር የሚደረስበትን ግቢ እስከ ዛሬ በአጥሩ ሥር አልፋ ትሄዳለች እንጂ ገብታ አላየችውም።