ጡረታ የሁለት ሰው ጉዳይ ነው

እስቲ በአንድ ጥያቄ ልጀምር። የትዳር ጓደኛችሁ ጡረታ በሚወጣበት ቀን የቤታችሁ የጤና ኢንሹራንስ ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ? የጡረታውን መጠን ማለቴ አይደለም። እርሱንማ ብዙዎቻችን ገና አሥር ዓመት ሲቀረን ጀምሮ ስናሰላው እንኖራለን። እኔ የምለው፣ ከዚያ ጡረታ ላይ በየወሩ ለኢንሹራንስ ስንት ይቆረጣል? ከሁለታችሁ አንዱ ቀድሞ ቢያልፍስ፣ ለቀረው ሰው ኢንሹራንሱ ይቀጥልለታል ወይ?

ይህን የምጽፈው እዚህ አሜሪካ በከተማ፣ በካውንቲ ወይም በትምህርት ቤት አስተዳደር ተቀጥራችሁ ለምትሠሩ ወገኖችና ለትዳር ጓደኞቻችሁ ነው። አውቶቡስ የሚነዳው፣ በትምህርት ቤት ወጥ ቤት የሚሠራው፣ የውሃ ቆጣሪ የሚያነበው፣ በቤተ መጻሕፍት የሚያገለግለው ወገናችን ጥቂት አይደለም። ብዙዎቻችን እነዚህን ሥራዎች የያዝነው "ደመወዙ ባይበዛም ኢንሹራንሱ ጥሩ ነው" ተብለን ነው። የእኛም ቤት ታሪክ ይኸው ነው። ባለቤቴ የካውንቲ አውቶቡስ ሹፌር ሆኖ ብዙ ዓመት ሠርቷል። እኔ በቤቴ የሰው ልጆች እጠብቃለሁ፤ በራሴ ሥራ የማገኘው ኢንሹራንስ የለም። የመጨረሻ ልጃችንን የወለድኩትም ሆነ ዛሬ የደም ግፊት መድኃኒቴን የምወስደው በእርሱ ኢንሹራንስ ነው።

"ምነው ታሟርቺብኛለሽ!"

ከሁለት ዓመት ገደማ በፊት ባለቤቴ 62 ዓመት ሞላው። እኔ 56 ዓመቴ ነበር። ጉልበቱ እያስቸገረው ስለነበር "ከእንግዲህ ይበቃኛል፣ ጡረታ ልውጣ" አለኝና የጡረታውን ስሌት የያዘ ደብዳቤ ከመሥሪያ ቤቱ አመጣ። ደብዳቤው ላይ ሁለት ምርጫ ሰፍሯል። የመጀመሪያው ከፍ ያለ ወርሃዊ ገንዘብ ሲሆን የሚከፈለው እርሱ በሕይወት እስካለ ድረስ ብቻ ነው። ሁለተኛው ዝቅ ያለ ነው፤ ነገር ግን እርሱ ቢያልፍ ግማሹ ለተተኪው፣ ማለትም ለእኔ፣ መከፈሉን ይቀጥላል።

ባለቤቴ ከፍ ያለውን መረጠ። "ልዩነቱን በየወሩ በስምሽ አስቀምጥልሻለሁ" አለኝ። ለእኔ አስቦ እንደሆነ አውቃለሁ። እኔ ግን "አንተ ብታልፍ የእኔ ኢንሹራንስ ምን ይሆናል?" ብዬ ጠየቅሁት። ፊቱ ተለዋወጠ። "አንቺ ሴት፣ ምነው ታሟርቺብኛለሽ!" አለኝ።

ባለትዳሮች ሆይ፣ ይህች ቃል ስንት ጠቃሚ ውይይት በአጭሩ አስቀርታ ይሆን? "ታሞ ከመማቀቅ አስቀድሞ መጠንቀቅ" እየተባልን ያደግን ሰዎች ነን፤ ስለ ሞት መነጋገር ግን ሞትን መጥራት ይመስለናል። ለሦስት ቀን ያህል ነገሩን ሳናነሳው ቆየን። በአራተኛው ቀን እርሱ ራሱ "ነይ፣ አብረን ሄደን እንጠይቅ" አለኝ። የዚያን ቀንና ከዚያ በኋላ በነበሩት ሳምንታት የተማርነውን ነው አሁን የማካፍላችሁ።

ከደመወዛችን ላይ የማናየው ክፍያ

ሠራተኛ ሳለን በየወሩ ለኢንሹራንስ ከደመወዛችን ሲቆረጥ የምናየው ገንዘብ የክፍያው ጥቂቱ ነው። ኬ ኤፍ ኤፍ የተባለው የጤና ጥናት ተቋም በየዓመቱ ባሠሪዎች ላይ በሚያደርገው ጥናት መሠረት፣ እ.ኤ.አ. በ2025 በሥራ ቦታ የሚገኝ የቤተሰብ ኢንሹራንስ አረቦን በአማካይ በዓመት 26,993 ዶላር ነበር። ከዚህ ውስጥ ሠራተኛው በአማካይ የከፈለው 6,850 ዶላር ነው። የቀረውን ሦስት እጅ የከፈለው አሠሪው ነው።

እንግዲህ ትልቁ ጥያቄ ይህ ነው፤ ጡረታ ስትወጡ አሠሪው ያንን ሦስት እጅ መክፈሉን ይቀጥላል ወይ? መልሱ ከካውንቲ ካውንቲ ይለያያል። አንዳንዱ አብዛኛውን ይከፍላል። አንዳንዱ "በኢንሹራንሱ ውስጥ መቆየት ትችላላችሁ፣ ሙሉውን ግን እናንተ ክፈሉ" ይላል። አንዳንዱ ጭራሹን ያቋርጣል። ብዙው ደግሞ በአገልግሎት ዘመን ይመዝናል። ለምሳሌ በካሊፎርኒያ አንዳንድ የአካባቢ መስተዳድሮች በሚከተሉት የግዛቱ ሕግ፣ 10 ዓመት ያገለገለ ጡረተኛ አሠሪው ከሚያወጣው ድርሻ 50 በመቶውን ያገኛል፤ ከዚያ በኋላ በየዓመቱ 5 በመቶ እየተጨመረለት በ20 ዓመት ሙሉውን ያገኛል።

የባለቤቴም መሥሪያ ቤት ሥርዓት ተመሳሳይ ሆኖ አገኘነው፤ ሙሉው ድርሻ የሚገኘው በ20 ዓመት ነው። እርሱ በዚያን ጊዜ ያገለገለው 18 ዓመት ነበር። በደብዳቤው ላይ ያለው ቁጥር ትክክል ነበር፤ ነገር ግን የኢንሹራንሱ ክፍያ ገና ያልተነሳለት ቁጥር ነበር። ሒሳቡን ስንሠራው ወደ ቤታችን የሚገባው ገንዘብ ካሰብነው በጣም ያነሰ ሆነ።

እድርን የሚያውቅ ይህ አይከብደውም

እስከ 65 ዓመት ድረስ ያለው ጊዜ በጣም ውድ ነው። ነገር ግን ብዙ መስተዳድሮች ከ65 ዓመት በታች የሆኑትን ጡረተኞች ከሠራተኞች ጋር በአንድ ማሕደር ያስቀምጧቸዋል። ይህ ምን ማለት ነው? እድር ያለው ሰው በቀላሉ ይገባዋል። በእድር ወጣቱም ሽማግሌውም እኩል ያዋጣል። ወጣቱ "እኔ ገና ነኝ" ብሎ አይቀንስም። በዚህም ኢንሹራንስ የ30 ዓመቱ ሠራተኛና የ62 ዓመቱ ጡረተኛ በአንድ ሒሳብ ስለሚሰላላቸው፣ የወጣቱ ክፍያ የአረጋዊውን ሸክም ያቀልላል። ወጣቱም በተራው ሲያረጅ ሌላው ይሸከምለታል።

ይህ ስንት እንደሚያወጣ ለማወቅ ከማሕደሩ ውጭ ያለውን ማየት ይበቃል። ብዙዎቻችን ኦባማኬር በምንለው የኢንሹራንስ ገበያ፣ ለ64 ዓመት ሰው የሚጠየቀው ክፍያ ለ21 ዓመት ወጣት ከሚጠየቀው እስከ 3 እጥፍ እንዲሆን ሕጉ ይፈቅዳል። እንደ ገቢያችሁ የመንግሥት ድጎማ ልታገኙ ትችላላችሁና ሳታወዳድሩ አትለፉት። ሌላው መንገድ ኮብራ የሚባለው ነው። ሥራ ሲለቀቅ የነበረውን ኢንሹራንስ እስከ 18 ወር ያስቀጥላል፤ ክፍያው ግን የእናንተም የአሠሪውም ድርሻ ተደምሮ፣ ለአስተዳደር ወጪ 2 በመቶ ተጨምሮበት ነው። በ62 ዓመቱ ለሚወጣ ሰው ደግሞ 18 ወሩ እስከ 65 አያደርሰውም።

ስለዚህ በመካከላችን ያላችሁ ወጣት ሠራተኞች፣ በየዓመቱ ክፍያችሁ ሲጨምር "ለሽማግሌ ነው የምንከፍለው" አትበሉ። ጡረተኞቹ ከሠራተኞቹ ሲነጠሉ ክፍያቸው ምን ያህል እንደሚንር የሚያውቀው የደረሰበት ነው።

65 ዓመት ሲሞላ

በ65 ዓመት ሜዲኬር ይመጣል። ቢያንስ 10 ዓመት ግብር እየከፈለ የሠራ ሰው የሆስፒታሉን ክፍል፣ ፓርት ኤ የሚባለውን፣ ያለ ወርሃዊ ክፍያ ያገኛል። ብዙ ጊዜ የትዳር ጓደኛውም 65 ሲሞላት በእርሱ ሥራ በኩል ታገኘዋለች። የሐኪም ክፍያን የሚሸፍነው ፓርት ቢ ግን ወርሃዊ ክፍያ አለው። መደበኛው ክፍያ እ.ኤ.አ. በ2025 185 ዶላር፣ በ2026 ደግሞ 202 ዶላር ከ90 ሳንቲም ነው። ይህን የሚከፍለው እያንዳንዱ ሰው ለየራሱ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ወገኖቻችን የሚደናቀፉበት ነገር አለ። ከ20 ሰው በታች በሌለው መሥሪያ ቤት በሥራ ላይ ያለ ሰው፣ ኢንሹራንሱ የሥራው እስከሆነ ድረስ፣ ፓርት ቢን ያለ ቅጣት ማዘግየት ይችላል። ሥራውን ካቆመ በኋላም ለመመዝገብ 8 ወር አለው። የጡረተኛ ኢንሹራንስ ወይም ኮብራ ግን እንደ ሥራ ኢንሹራንስ አይቆጠርም። የምናውቃቸው አንድ አባት "የካውንቲው ኢንሹራንስ ይበቃኛል" ብለው ሁለት ዓመት ዘገዩ። ቅጣቱ ለእያንዳንዱ ሙሉ ዓመት 10 በመቶ ነውና በየወሩ 20 በመቶ ተጨምሮባቸው ይከፍላሉ፤ ፓርት ቢን እስከያዙ ድረስም አይነሳላቸውም። ከዚህም በላይ፣ ብዙ የጡረተኛ ኢንሹራንሶች ከ65 ዓመት በኋላ መጀመሪያ ሜዲኬር እንዲከፍል ይጠብቃሉ። ፓርት ቢ ከሌላችሁ ሜዲኬር ይከፍለው የነበረው በእናንተ ላይ ይወድቃል።

በዕድሜ የምትለያዩ ባለትዳሮችም ይህን ልብ በሉ። ባለቤቴ ሜዲኬር ሲገባ እኔ ገና 59 ዓመቴ ነው። ለስድስት ዓመት ያህል በአንድ ቤት ሁለት ዓይነት ክፍያ ይኖረናል ማለት ነው።

የተተኪው ፊርማ

ወደዚያ ወደ ሁለቱ ምርጫ ልመለስ። ጥያቄዬን ለክፍሉ ሠራተኛ ደገምኩላት። መልሷ አጭር ነበር። "የተተኪ ጡረታ ካልመረጠ፣ እርሱ ሲያልፍ የአንቺ የጡረተኛ ኢንሹራንስ ያበቃል።" በብዙ የመንግሥት ጡረታ ሥርዓቶች እንዲህ ነው። ባልየው ሲያልፍ ለሚስት የሚመጣ ወርሃዊ ገንዘብ ከሌለ፣ ኢንሹራንሱም አብሮ ይቋረጣል። የሚቀራት ኮብራ ነው፤ በሞት ምክንያት ሲሆን እስከ 36 ወር ይቆያል፤ ሙሉው ክፍያ ግን የራሷ ነው።

ባለቤቴ ዝም ብሎ ቆየ። መኪና ውስጥ ከገባን በኋላ "ለካ የጠየቅሽኝ ስለ ሞቴ ሳይሆን ስለ መድኃኒትሽ ነው" አለኝ።

የተሰጠ ተስፋም ሊለወጥ ይችላል

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር። ጡረታና የጡረተኛ ኢንሹራንስ በሕግ ፊት እኩል ጥበቃ የላቸውም። የሚሺጋን ግዛት ሕገ መንግሥት የመንግሥት ሠራተኞችን ጡረታ ይጠብቃል፤ የጤና ኢንሹራንስ ግን በዚያ ጥበቃ እንደማይካተት የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2005 ወስኗል። የዲትሮይት ከተማ እ.ኤ.አ. በ2013 የኪሳራ አቤቱታ ባቀረበች ጊዜ ልዩነቱ ታየ። ከፖሊስና ከእሳት አደጋ ውጭ ያሉ ጡረተኞች ጡረታቸው 4.5 በመቶ ተቀነሰ፤ ዓመታዊ ጭማሪያቸውም ቀረ። የጤና ኢንሹራንሳቸው ላይ የደረሰው ቅነሳ ግን ከዚህ እጅግ የከፋ ነበር።

ሌሎች መስተዳድሮችም ቢሆኑ እየጠበቡ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣ የሒሳብ አያያዝ ደንብ ለጡረተኞች ጤና ወደፊት የሚከፈለውን ዕዳ አስልተው እንዲያሳውቁ አስገደዳቸው። ዕዳው በወረቀት ላይ ሲታይ ብዙዎች ደነገጡ፤ ለአዲስ ተቀጣሪዎች የሚሰጠውንም ቀነሱ። ስለዚህ በዕድሜ የሚበልጣችሁ የሥራ ባልደረባችሁ ያገኘውን እናንተም ታገኛላችሁ ብላችሁ አታስቡ። የሚመለከታችሁ በተቀጠራችሁበት ጊዜ የነበረው ደንብ ሊሆን ይችላል።

ከመፈረማችሁ በፊት

እኛ እንዲህ ወሰንን። ባለቤቴ 20 ዓመቱን እስኪሞላ ለመቆየት ተስማማ። ለጉልበቱ ሲል ሹፌሮችን በሬዲዮ ወደሚያሰማራው ክፍል ተዛወረ። ከጡረታውም ዝቅ ያለውን፣ ተተኪ ያለበትን ለመምረጥ ወሰንን። በየወሩ የምናጣው ገንዘብ አለ፤ ሁለቱ ዓመታትም ቀላል አልነበሩም። ሌሊት ጉልበቱን በሞቀ ውሃ ስይዝለት "ውጣ" ልለው የቃጣኝ ጊዜ አለ። አሁን የቀረው አምስት ወር ነው።

የእናንተ ሁኔታ ከእኛ ሊለይ ይችላል። ምናልባት ለእናንተ የሚበጀው ዛሬውኑ መውጣት ይሆናል። ነገር ግን እነዚህን ጥያቄዎች በወረቀት ጻፉና ሁለታችሁም በአካል ሄዳችሁ ጠይቁ፤ መልሱንም በጽሑፍ ተቀበሉ።

1. በእኔ የአገልግሎት ዘመን አሠሪው ከአረቦኑ ስንት በመቶ ይከፍላል? አንድ ወይም ሁለት ዓመት ብጨምርስ?
2. እስከ 65 ዓመት ክፍያችን ስንት ነው? ከሠራተኞች ጋር በአንድ ማሕደር ነን ወይስ ተለይተን?
3. 65 ሲሞላን ኢንሹራንሱ ፓርት ቢ እንድንይዝ ያስገድዳል?
4. እኔ ባልፍ የትዳር ጓደኛዬ በኢንሹራንሱ ይቆያል? ለዚያ የትኛውን የጡረታ ምርጫ መፈረም አለብኝ?
5. አንዴ ከኢንሹራንሱ ብንወጣ ተመልሰን መግባት እንችላለን? በብዙ ቦታ አይቻልምና ይህን ሳታጣሩ አትውጡ።

ባሎች ሆይ፣ ሚስታችሁ ይህን ስትጠይቅ አሟረተች አትበሏት። ሚስቶችም፣ "እርሱ ያውቃል" ብላችሁ አትቀመጡ። ብዙ ጊዜ በቅጹ ላይ የትዳር ጓደኛ የሚፈርምበት ቦታ አለ። በዚያ ቦታ ስማችሁን ከማስፈራችሁ በፊት ከላይ የተጻፈውን ሁለታችሁም አንብቡት።

ሰላማችሁ ይብዛ።