የመደብር መዝጊያ ዋጋ

ሰው ሀብቱን የሚጠብቅበት ብልሃት እንደ ሀብቱ ዓይነት ይለዋወጣል። ከብት ያለው በረት ያጥራል፤ እህል ያለው ጎተራውን ይመርጋል፤ ወርቅ ያለው ደግሞ ወርቁን ከሰው ዓይን ይሰውራል። ከአሶሳ በስተ ሰሜን በምትገኘው በመንጌ ወረዳ ይህ የመጨረሻው ጥበብ እንግዳ አይደለም። የቤርታ ሴቶች የወንዙን ደለል በእንጨት ገበቴ እያጠቡ ወርቅ ሲያወጡ ኖረዋል፤ ራስ መኰንን በ1890 ዓ.ም. ወደዚያ አገር ሲዘምቱም የወርቁ ዝና ቀድሞ ተሰምቶ ነበር። ወርቋን በጨርቅ ጫፍ ቋጥራ ወደ ገበያ የምትመጣ ሴት ቋጠሮዋን በመንገድ ላይ ስንት ጊዜ እንደምትዳስሰው የተመለከተ ሰው ስለ ጥበቃ ሌላ አስተማሪ አያሻውም።

ዛሬ ግን የቋጠሮው ቦታ ተለውጧል። ቴሌብር በግንቦት ወር 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ የስኳሩም፣ የዘይቱም፣ የሳሙናውም ሒሳብ ወደ እጅ ስልክ እየገባ ነው። እኔም በንግድ ፈቃድ ምዝገባ ሥራ ላይ የምገኝ ጸሓፊ እንደመሆኔ መጠን ከነጋዴዎች ጋር ስነጋገር እውላለሁ፤ ባለፈው ዓመትም አንድ የተከበሩ ሐጂ፣ የአንዲት መካከለኛ መደብር ባለቤት፣ ፈቃዳቸውን ሊያሳድሱ መጥተው ሳለ እንዲህ ሲሉ ጠየቁኝ፦ «ልጄ፣ ይህን ስልክ ለማስጠበቅ ስንት ብር ማውጣት ይገባኛል?»

ጥያቄው ያለ ምክንያት አልተነሣም። ከዚያ በፊት ባለው ወር አንድ ሰው በጥሩ አማርኛ ደውሎ ሽልማት እንደ ደረሳቸው አብሥሯቸው ነበር። ሐጂ አማርኛን የሚያውቁት በገበያ ልክ ነው፤ ሰላምታውንና ዋጋውን አሳምረው ይናገራሉ፤ ፈጥኖ የሚናገር ሰው ሲገጥማቸው ግን አፍረው «እሺ፣ እሺ» ይላሉ። በዚያ «እሺ» መካከል ምሥጢራዊው ቁጥር ከአፋቸው ወጣ፤ 18,000 ብርም ከሒሳባቸው ወጣ። ገንዘቡ የእርሳቸው ብቻ ቢሆን ኖሮ ነገሩ በቀለለ ነበር። የሚበዛው ግን ከአሶሳ ጅምላ ነጋዴ በዱቤ ያነሡት ዕቃ ዋጋ ነበረ። በገጠር ከተማ ዱቤ ማለት ስም ማለት ነው፤ አንድ ጊዜ ቀኑ ያለፈበት ነጋዴ በሚቀጥለው ጊዜ ዕቃ የሚወስደው እጅ በእጅ ከፍሎ ነው፤ እጅ በእጅ ለመክፈል ደግሞ መደብሩ አቅም የለውም። ስለዚህ የተሰረቀው ብሩ ብቻ ሳይሆን የመደብሩ ትንፋሽ ነበር ማለት ይቻላል።

ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል እንደሚባለው፣ ወሬው እንደ ተሰማ ከከተማ የመጣ አንድ ሻጭ «ስልክዎን ከሌባ የሚጠብቅ ሶፍትዌር አለኝ» ብሎ በዓመት 6,000 ብር ጠየቃቸው። ሐጂ ሊከፍሉ ቆርጠው ነበር፤ የተነከሰ ሰው መድኃኒት ሲመርጥ ዋጋ አይከራከርምና።

በዚህ ነገር ላይ አንድ ያነበብኩት ስሌት ትዝ አለኝ። በአሜሪካ በሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩት ጎርደንና ሎብ የተባሉ ሁለት የሒሳብ አያያዝ ሊቃውንት በአውሮፓ አቆጣጠር በ2002 ባሳተሙት ጥናት፣ አንድ ድርጅት መረጃውን ለመጠበቅ ሊያወጣው የሚገባው ገንዘብ በመረመሯቸው ሁኔታዎች ሁሉ ሊደርስበት ከሚችለው የጉዳት ግምት ከ37 በመቶ እንደማይበልጥ አሳይተዋል። እኔና ሐጂም በወረቀት ላይ አሰላነው። በስልኩ ውስጥ በአብዛኛው 40,000 ብር ያህል ይውላል እንበል፤ በዓመት ከአሥር ነጋዴዎች አንዱ ይዘረፋል ብለን ብንገምት (ይህ ግምት እንጂ ቆጠራ አይደለም) የጉዳቱ ልክ በዓመት 4,000 ብር ይሆናል፤ የዚያም 37 በመቶ 1,480 ብር ነው። እንግዲህ ሻጩ የጠየቀው 6,000 ብር ከወሰኑ አልፎ ከሚፈራው ጉዳት ራሱ ይበልጥ ነበር። ደግሞስ ባለቤቱ በገዛ አፉ የሚናገረውን ቁጥር የትኛው ሶፍትዌር አፍ ይዞ ያስቀረዋል?

ትልልቆቹ ድርጅቶች ብዙ ከፍለው ዳኑ ብለን እንዳንታለል የውጭውንም ዓለም እንመልከት። በግንቦት ወር 2009 ዓ.ም. ዋናክራይ የተባለው የኮምፒውተር ቫይረስ በ150 ያህል አገሮች ሲሠራጭ፣ ማይክሮሶፍት ቀዳዳውን የሚደፍነውን ማሻሻያ ካወጣ ሁለት ወር አልፎት ነበር፤ ያልጫኑት ግን ተያዙ። በእንግሊዝ አገርም 158 ዓመት የቆየ፣ 500 ያህል የጭነት መኪና የነበረው ኬኤንፒ የተባለ የማመላለሻ ድርጅት በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ገደማ መረጃው ተቈልፎበት በማግሥቱ ዓመት ፈረሰ፤ 700 ያህል ሠራተኞችም ሥራ አጡ። ሌቦቹ የገቡት ደካማ የይለፍ ቃል ገምተው እንደሆነ ይታመናል።

በአገራችንም መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌሊት በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሥርዓት ላይ በደረሰው እክል ደንበኞች ከሒሳባቸው በላይ ሲያወጡ አድረው፣ ባንኩ የጎደለው ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ መሆኑን ገልጿል። ነገሩ የሳይበር ጥቃት እንዳልነበረም ባንኩ አስታውቋል። እኔ ከዚህ የያዝኩት ቁም ነገር የወረቀት መዝገብ ገና ጡረታ እንዳልወጣ ነው።

ሕጉም ቢሆን አልጎደለም። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958 በ2008 ዓ.ም. ወጥቷል፤ የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደርም ገና በ1999 ዓ.ም. የተቋቋመ ነው። ነገር ግን እኔ ያየኋቸው ማስጠንቀቂያዎች በአማርኛ ወይም በእንግሊዝኛ የተጻፉ ናቸው። ሌባው በአማርኛ ሲደውል፣ ማስጠንቀቂያውም በአማርኛ ሲመጣ፣ ቤርትኛ ለሚናገር ሽማግሌ ሁለቱ በምን ይለያሉ? ለመምህራን የማቀርበው አሳብ እዚህ ላይ ነው፤ «ባንክ ምሥጢር ቁጥርህን ከቶ አይጠይቅህም» የሚለው አንድ ዐረፍተ ነገር በተማሪዎች አፍ በቤርትኛ ወደየቤቱ ቢገባ ወጪው ምንድን ነው?

ሐጂ ሶፍትዌሩን ሳይገዙ ቀሩ። በመሳቢያ ውስጥ የተረሳ አሮጌ ባለቁልፍ ስልክ ነበራቸውና የገንዘቡን ሲም ወደ እርሱ አዛወሩት፤ እርሱ ኢንተርኔት አያውቅም፣ *127# ግን ያውቃል። ለወሬና ለዘመድ የሚሆን ሌላ ሲም ገዙ። እርሳቸው፣ ልጃቸውና ተቀጣሪው ልጅ ሦስቱም ያውቁት የነበረውን ቁጥር ለወጡ፤ ተቀጣሪው ይህን እንደ ስድብ ቈጥሮ ሦስት ቀን አኩርፎ ነበር፤ በኋላ ግን ብር ቢጎድል እርሱ እንደማይጠረጠር ሲያስረዱት ታረቀ። ደንበኛ «ከፍያለሁ» ብሎ የስልኩን መስታወት ሲያሳያቸውም በራሳቸው ስልክ መልእክቱ ሳይገባ ዕቃ አያስነሡም። በየማታው የዕለቱን ገቢ የሚጽፉበት ባለ 100 ገጽ ደብተርም ተገዝቷል። የሁሉም ወጪ ተደምሮ ከ1,480 ብር እጅግ ያነሰ ሆነ፤ በተረፈውም ሐጂ ለመደብሩ በር አዲስ የብረት መቀርቀሪያ አሠርተዋል፤ በሩን የሚነካው እንኳ አልነበረም።