በፋፋን ዳርቻ ያደርንባት ሌሊት

ከጅጅጋ ወደ ሐረር ስትጓዙ የካራማራን ኮረብታ ተሻግራችሁ እንደወረዳችሁ የፋፋን ወንዝ ያጋጥማችኋል። በነሐሴ ወር እኛ ሁለት መምህራን 14 ደረሶቻችንን ይዘን በዚያ ለማደር ወጣን። ወላጆች «በክረምት?» ብለውን ነበር። በሶማልኛ ካራን የሚባለው የክረምቱ ዝናብ አራት ቀን ስላቋረጠ ነገሩን ቸል አልነው።

ፋፋን አብዛኛውን ጊዜ ወንዝ አይመስልም። እንዲህ ያለው በሶማልኛ «ቶግ» ይባላል፤ ሲዘንብ ሞልቶ የሚወርድ፣ ሲያባራ አሸዋ ብቻ ሆኖ የሚቀር ማለት ነው። ዋቢ ሸበሌ ዘንድ የሚደርሰውም ብርቱ ዝናብ ሲጥል ነው፤ በቀረው ጊዜ ውሃው መንገድ ላይ ያልቃል። ልጆቹ ግን ለስላሳውን አሸዋ ሲያዩ ሌላ ቦታ አላማራቸውም። ሸራችንን እዚያው ወጠርን፤ ሦስት ጉልቻ ጎልተን ሻይ ጣድን። አሸዋው በእጅ ቢቆፈር ውሃ ወጣ፤ እስኪጠል ጠብቀን ውዱእ አደረግንበት። «ሙሳፊር ነንና ሶላቱን እናሳጥር» ያሉም አልጠፉ። ከጅጅጋ እዚህ ድረስ ለዚያ የሚበቃ ርቀት አይደለምና ዐስርን አራት ረከዓ ሰገድን።

ከመግሪብ በፊት ግመል የሚነዱ አንድ አዛውንት አጠገባችን ቆሙ። ሰላምታ ተለዋውጠን ሲያበቁ «እነዚህ ልጆች የማን ናቸው?» አሉን። የወላጆች አማና መሆናቸውን ነገርናቸው።

«ታዲያ ቶግ ውስጥ ታስተኟቸዋላችሁ?»

«አዴር፣ ሰማዩ እኮ ጥርት ያለ ነው።»

በዱላቸው ወደ ሰሜን አመለከቱን። ከኮረብቶቹ በላይ ደመናው ጠቁሯል። «ዝናቡ እዚያ ይጥላል፤ ውሃው እዚህ ይመጣል» ብለው መንገዳቸውን ቀጠሉ።

ማጉረምረሙ አልቀረም። ላሆሁ ሳይበላ፣ ሊመሽ ሲል ሸራ ነቅሎ ዳገት መውጣት! እኛን ያስነሳን ግን የድሬዳዋው ነገር ትዝ ማለቱ ነው። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ ማብቂያ ላይ፣ እንደ ፋፋን ሁሉ አብዛኛውን ጊዜ አሸዋ ብቻ የሆነው የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰዎች አልቀዋል። መምህራን ሆነን ሳለን ይህን ያስታወስነው አዛውንቱ ከጠየቁን በኋላ መሆኑ እስከ ዛሬ ያሳፍረናል።

ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ገደማ የግመል መንጋ ሲሮጥ የመሰለ ድምፅ ቀሰቀሰን። ባትሪ ብናበራ ቡናማ ውሃ ግንድ እየገፋ ይወርዳል። ማንም አልተናገረም። ልጆቹን ቆጠርን፤ ደግመን ቆጠርን።

ለሱብሂ ስንነሳ ውሃው ጎድሎ ነበር። ካምፓችን ከነበረበት ስፍራ ጉልቻዎቹ የሉም። አዛውንቱን ለማመስገን ብንፈልጋቸው ግመሎቻቸውን ይዘው ርቀዋል። ስማቸውን እንኳ አልጠየቅናቸውም።