ካራቫኑ የእነሱ፣ መሬቱ የሰው

ዛሬ ምሳ ሰዓት ላይ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ስልኳን አውጥታ ፎቶ አሳየችኝ። እዚሁ እንግሊዝ አገር፣ ባሕር ዳር የቆመ ነጭ ካራቫን። እናትና አባቷ ጡረታ ሲወጡ ባጠራቀሙት ገንዘብ የገዙት ነው። ደጃፉ ላይ አባቷ የተከሉት ጽጌረዳ አለ።

"ሲያምር!" አልኳት።

"ዘንድሮ ይነሳል" አለችኝ።

ለካ ካራቫኑ የእነሱ ይሁን እንጂ የቆመበት የካራቫን ግቢ ቦታ የኪራይ ነው። ኪራዩ በየዓመቱ ይከፈላል፣ ይጨምራልም። ውሉ ደግሞ የካራቫኑን ዕድሜ ይገድባል፤ ዓመቱ ሲሞላ አንሱ ይባላሉ። ቀደም ብለው እዚያው እንዳለ ቢሸጡት እንኳ የግቢው ባለቤት ኮሚሽን ይወስድ ነበር። ሌላ ቦታ እንውሰደው ቢሉ ማጓጓዣው ውድ ነው፤ አሮጌ ካራቫን የሚቀበል ግቢም እንደ ልብ አይገኝም።

አንጀቴን በላኝ። ቤት ከገባሁ በኋላ ሕጉን አነበብኩ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የ1983ቱ የተንቀሳቃሽ ቤቶች ሕግ ካራቫኑን መኖሪያ ቤታቸው ላደረጉ ሰዎች ዋስትና ይሰጣል፤ ያለ ፍርድ አይባረሩም፣ የሽያጭ ኮሚሽኑም ከ10 በመቶ አያልፍም። እንደ እነሱ ባለ ለዕረፍት ብቻ በተፈቀደ ግቢ ግን ይህ ከለላ የለም። በዋናነት የሚወስነው የፈረሙት ውል ነው።

እኛ ቤት ስንል ከነግቢው፣ ከነአጥሩ ነው የምናስበው። ለዚህ ይሆናል ነገሩ አልዋጥ ያለኝ።

እዚህ አገር ካራቫን የገዛችሁ ወይም ለመግዛት የምታስቡ አላችሁ? ውሉ ስንት ዓመት እንደሚል አይታችሁታል?