የሁለት ሙሳፊሮች ድንኳን፦ ከፎገራ ሜዳ እስከ ጉና ተራራ



ድንኳን ይዞ ተራራ ላይ ማደር የፈረንጅ ሥራ ነው ይባላል። ኒካሕ ካሰርን ገና ሦስት ወራችን ነበር። አምስት ቀን ፈቃድ አግኝተን ከባሕር ዳር ልንወጣ፣ በደቡብ ጎንደር ደጋ ላይ በመኪና እየዞርን ድንኳን እየተከልን ልናድር ነው ስንል ይህንኑ ከብዙ አፍ ሰማን። «ሆቴል ጠፍቶ ነው?» ያሉንም ነበሩ። ነገሩን ስናስበው ግን ድንኳን ለእኛ ምን ያህል ባዕድ ነው? ሐጅ የሄደ ሁሉ ሚና ላይ የሚያድረው በድንኳን ነው። የአገራችን ነገሥታትም ለብዙ መቶ ዓመታት በድንኳን ከተማ ሲዘዋወሩ ኖረዋል። አሜሪካ ያሉ ዘመዶቻችን ከአሪዞናና ከኔቫዳ በረሃ፣ ከቀይ ድንጋይ ሥር፣ የድንኳናቸውን ፎቶ ሲልኩልን «ማሻአላህ» እንላለን። የእኛ ደጋ ግን መንገድ ላይ በአውቶቡስ መስኮት የሚታይ ነገር ሆኖ ቀርቷል።

የእናቶቻችን ሥጋት ከዚህ የተለየ ነበር። ጊዜው ኅዳር 2012 ነው። በ2011 በዚያው ዞን፣ እስቴ ላይ መስጂዶች ተቃጥለዋል፤ እስቴ ደግሞ ከጉና በስተደቡብ ናት። «ሒጃብ የለበሰች ሴት፣ ማንም በማያውቃት አገር፣ ሜዳ ላይ?» አሉን። «አይዟችሁ» ከማለት ያለፈ መልስ አልነበረንም። ሁለት ነገር ቃል ገባን፦ የቦታውን ባለቤት ሳናስፈቅድ ድንኳን ላንተክል፣ ከየከተማው ልንደውል።

ማክሰኞ ጠዋት ቪትዛችንን ጭነን ወጣን። ሁለት ጀሪካን ውሃ፣ ትንሽ ምድጃ፣ ሽሮ፣ በሶ፣ ቴምር፣ ከቤት የመጣ ቋንጣ፣ ሁለት ጋቢ። ቋንጣው ቀላል ነገር አይደለም። በእኛ አገር መንገድ የወጣ ሙስሊም የመጀመሪያ ጥያቄው «ሥጋው የማን ነው?» ስለሆነ፣ የራሱን የያዘ ሰው ከጥያቄው ያርፋል።

ከሐሙሲት አልፎ የፎገራ ሜዳ ይዘረጋል። ሩዝ የሚታጨድበት ወቅት ነበር፤ ከመንገዱ ግራና ቀኝ ነዶ ተከምሯል፣ ሰውም ከብቱም ሜዳው ላይ ነው። ወረታ ላይ ወደ ቀኝ ተገንጥለን ቻይናውያን በደርግ ዘመን ወደሠሩት፣ እስከ ወልድያ ወደሚዘልቀው መንገድ ገባን። ከዓለም በር በኋላ ዳገቱ ይጀምራል። ሰሓቦች ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ጋር ሲጓዙ ዳገት ሲወጡ «አላሁ አክበር»፣ ቁልቁል ሲወርዱ «ሱብሐነላህ» ይሉ እንደነበር ጃቢር (ረ.ዐ) አስተላልፈዋል። ከተማ ውስጥ፣ ሜዳ ላይ ለሚኖር ሰው ይህ ሱና የሚነበብ እንጂ የሚሠራ አይመስልም። በዚህ መንገድ ላይ ግን መኪናዋ በሁለተኛ ማርሽ ስታቃስት ምላስህ ሥራ አይፈታም።

ደብረ ታቦር 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ከሰዓት በኋላ ደርሰን ዙህርንና አስርን ሁለት ሁለት ረከዓ አድርገን፣ አንድ ላይ ሰገድን። (በጀምዕ ላይ መዝሀቦች ይለያያሉ፤ የየራሳችሁን ዓሊም ጠይቁ።) የማሳጠሩ ፍቃድ በሱረቱ አን-ኒሳእ ላይ የመጣው ከፍርሃት ጋር ተያይዞ ነው። ዑመር (ረ.ዐ) ሰዎች ሰላም ካገኙ በኋላስ ብለው ሲጠይቁ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከአላህ የተሰጠ ሰደቃ ስለሆነ ተቀበሉት የሚል ምላሽ ሰጥተዋል። የእናቶቻችን ጥያቄ ጆሯችን ላይ ስለነበር፣ ፍርሃትና ሰላም የተነሱበት ይህ ሐዲስ ያን ቀን ለየት ብሎ ተሰማን።

ስለ ደብረ ታቦር ሲነገር የሚቀድመው ዐፄ ቴዎድሮስ ነው። ከተማዋን መናገሻ ያደረጉት ግን ከእሱ በፊት የነበሩት የየጁ መሳፍንት ናቸው፤ የቆረቆራትም ራስ ጉግሳ ነው። የየጁ ቤት መነሻው ሙስሊም ነው። የመጨረሻው ሰው ዳግማዊ ራስ ዓሊ ክርስቲያን ሆኖ ከዚህች ከተማ ቢገዛም፣ ተቀናቃኞቹ እስልምናው አልለቀቀውም እያሉ ያሙት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1853 አይሻል ላይ በካሳ ተሸንፎ ዘመኑ አበቃ። ይህን የምናነሳው የጠፋ ዘውድ ለማስመለስ አይደለም። በከተማዋ ስንዞር አንድ የባጃጅ ሹፌር «እናንተ ከየት አገር ናችሁ?» ብሎ ስለጠየቀን ነው። «ከባሕር ዳር» ስንለው «አይ፣ ዱሮስ?» አለ። ክፋት አልነበረውም። ግን ሙስሊም ሁሉ ከሌላ ቦታ የመጣ የሚመስለው ሰው፣ የራስ ዓሊን ከተማ እየዞረ እንደሚኖር አያውቅም ነበር። እኛም ብዙዎቻችን አናውቅም።

ያን ሌሊት ያደርነው ከከተማው ጥቂት ኪሎ ሜትር ወጣ ብላ ባለችው ጋፋት አቅራቢያ፣ ከአንድ ገበሬ ማሳ ዳር ነው። የአውሮፓ ሚስዮናውያን ለቴዎድሮስ መድፍ ያቀለጡት እዚህ ነው፤ 70 ኩንታል ገደማ የሚመዝነው ሴባስቶፖል ከዚህ አካባቢ ተነስቶ በሰው ጉልበት እየተጎተተ እ.ኤ.አ. በ1868 መቅደላ ደረሰ። ሌሎች ስላወሩት እኛ እናሳጥረው። እዚያ ያሳሰበን መድፉ አልነበረም፤ የጅቡ ድምፅ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ተራ በተራ ነቅተን «ቀረበ፣ ራቀ» ስንባባል ነጋ።

ረቡዕ ክምር ድንጋይ ደርሰን መኪናዋን ከአንድ ሻይ ቤት ደጃፍ አቆምን። አንድ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ መንገድ ሊያሳየን ተስማማና በእግር ወደ ጉና ወጣን። ጉና ከ4,100 ሜትር በላይ ነው። ርብና ጉማራ ከዚህ ተነስተው ወደ ጣና ይወርዳሉ፤ በምሥራቅ በኩል የሚወርደው ውሃ ደግሞ ለተከዜ ነው። ገብስና ድንች እስከ ላይ ድረስ ይታረሳል፤ ከዚያ ጓሳ ሣር፣ አስታና ጅብራ ብቻ ይቀራል። ከላይ አንድ ለጥ ያለ ሜዳ ስናገኝ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በጉዞ ላይ ሰዎችን አስቀድመው ከዓኢሻ (ረ.ዐ) ጋር እሽቅድምድም መሮጣቸው ትዝ አለን። አንድ ጊዜ እሷ፣ ከዓመታት በኋላ ደግሞ እሳቸው ቀደሙ፤ ያኛው በዚህኛው ተካካሰ አሏት። እኛም ሮጥን። ሃምሳ እርምጃ ሳንሄድ ሁለታችንም አየር አጥሮን ሣሩ ላይ ተዘረርን። መሪያችን ልጅ በጣም ሳቀብን። ማን ቀድሞ እንደነበር አንናገርም።

ሲመሽ ከመጨረሻዎቹ ቤቶች ወደ አንዱ ወርደን፣ በአገሩ ወግ ከአጥር ውጭ ቆመን «የመሸብን የእግዜር እንግዶች ነን» አልን። «ቤት የእግዚአብሔር ነው» የሚል የሴት ድምፅ መለሰ። ቦታ አስፈቅደን ድንኳን ልንተክል መሆኑን ስንነግራቸው እናትየው ድንኳኑን በእጃቸው ዳሰስ አደረጉና «ልጆቼ፣ ይኼ ሻሽ ነው። ጅቡ ቢተዋችሁ ብርዱ ይበላችኋል» አሉ። ከብዙ ክርክር በኋላ ድንኳኑ ግቢያቸው ውስጥ፣ ከገብስ ክምሩ ጥግ እንዲተከል ተስማማን። አሜሪካ ቢሆን ቁጥር ያለው ቦታ ይሰጥህና ትከፍላለህ፤ እዚህ ግን ባለቤቲቱን አስፈቅደህ፣ ምክንያትህን አስረድተህ፣ በመጨረሻ አንተ ትለመናለህ።

ድንቻችን አልበስል አለ። በዚያ ከፍታ ውሃ በ88 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ፣ ምድጃው ቢንቦገቦግም ድንቹ እንደ ድንጋይ ይቆያል። እናትየው የእኛን ድስት አይተው ወደ ጓዳ ገቡና ቆሎና ትኩስ ወተት ይዘው መጡ። ብርጭቆውን ፊት ለፊታችን ሁለት ጊዜ አጠቡት። «የእኛን ሥጋ እንደማትበሉ አውቃለሁ። ይኼ ወተት ነው፣ ጠጡ» አሉ። ዕለቱ ረቡዕ ነበር፤ እሳቸው በጾማቸው ምክንያት ወተት አይቀምሱም። ለእኛ ብለው አልበው፣ አፍልተው፣ ስንጠጣ ቁጭ ብለው አዩን። ስለ እስቴ አንሥተን ልንጠይቃቸው አስበን ነበር። በዚያች ሰዓት ግን ያን ማንሣት አልቻልንም፤ ያልተነሣው ነገር ግን እሳቱ ዳር አብሮን ተቀምጦ ነበር።

መግሪብና ኢሻን ስንሰግድ አጎዛ አነጠፉልን። ከጉና ላይ ቂብላ ቀላል ነው። መካ ከእኛ በስተሰሜን፣ ጥቂት ብቻ ወደ ምሥራቅ ዘንበል ብላ ነው ያለችው፤ ስለዚህ ወደ ስሜን ተራሮች ፊትህን ብታዞር አትስትም። የሰሜን ኮከብ በዚህ አገር ዝቅ ብሎ፣ ከአድማሱ 12 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፤ ክንድ ተዘርግቶ ከአንድ ጭብጥ ትንሽ ቢበልጥ ነው። የስልካችን ኮምፓስ አንዱን ሲል ሌላውን ሲል ትተነው በኮከቡ ሰገድን።

ሌሊት ጀሪካኑ ውስጥ ያለው ውሃ ከላይ በስሱ ረግቶ አደረ። ለፈጅር ውዱእ ስናደርግ የሙሳፊር ፍቃድ ምን ያህል እዝነት እንደሆነ ገባን፦ በውዱእ የለበሱትን የቆዳ ካልሲ ሳያወልቁ ለሦስት ቀንና ሌሊት ማበስ። አገሩ ላይ ላለ ሰው አንድ ቀንና ሌሊት ብቻ ነው። ስለ ተየሙምም አወራን። የዓኢሻ (ረ.ዐ) የአንገት ሐብል በጉዞ ላይ ጠፍቶ፣ ሠራዊቱ ሁሉ ውሃ በሌለበት ቆሞ አደረ። አባቷ አቡበክር (ረ.ዐ) እስኪገሥጿት ድረስ ሰዉ ተቸገረ። የተየሙም አንቀጽ የወረደው ያኔ ነው፤ ሐብሉም ግመሏ ስትነሣ ከሥሯ ተገኘ። ስንት የታመመና ውሃ ያጣ ሰው እስከ ዛሬ የሚገለገልበት ሕግ፣ አንድ ባል ለሚስቱ ሐብል ብሎ ከመቆሙ ጋር ተያይዞ የመጣ ነው። ይህን ያወራነው ጋቢ ተከናንበን፣ ጥርሳችን እየተንገጫገጨ ነው።

ሐሙስ በነፋስ መውጫ አልፈን እስከ ጨጨሆ ዘለቅን። ከዚያ በኋላ አገሩ ይለወጣል፤ ከደጋው በስተምሥራቅ ገደሉ ደረቅ፣ ድንጋዩ ራቁት ነው፤ ዝናብ በቀረ ቁጥር ረሃብ የሚመታው ይኼው የጋይንት ወገን ነው። ለፎቶ ከአሪዞና አያንስም። በዚያ ገደል ላይ ግን በአህያ ውሃ የሚያመላልሱ ሴቶችን አይተን ስልካችንን ኪስ ከተትነው።

ዓርብ ጁምዓን ደብረ ታቦር ሰገድን፤ ሙሳፊር ላይ ግዴታ ባይሆንም ሰዎቹን ማግኘት ስለፈለግን ነው። ከሶላት በኋላ ምሳ ሳንበላ አልለቀቁንም። ቅዳሜ በአዲስ ዘመን በኩል ወደ ጎንደር አቀናን። በዚህ መስመር ያለችው ይፋግ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሙስሊም ነጋዴዎች አሞሌ ጨውና ቡና የሚያገላብጡባት ትልቅ ገበያ ነበረች። ከፊቷ ያለችው እንፍራንዝ ደግሞ የበለጠ ትገርማለች። ጎንደር ላይ ሙስሊሞች በተለየ ሰፈር እንዲኖሩ እ.ኤ.አ. በ1668 ተወስኖ ነበር። ከሠላሳ ዓመት በኋላ ያለፈው ፈረንሳዊው ሐኪም ፖንሴ ግን፣ እንፍራንዝ ላይ ሙስሊሞች ሃይማኖታቸውን በግልጽ እየፈጸሙ፣ ቤታቸውም ከክርስቲያኑ ቤት ጋር ተደባልቆ እንዳየ ጽፏል። በአንድ መንገድ ላይ፣ በጥቂት ሰዓት ጉዞ ርቀት፣ አንዱ ከተማ ለይቶ ሲያኖር ሌላው ደባልቆ ይኖር ነበር።

ከተመለስን ሳምንታት በኋላ፣ ታኅሣሥ ላይ ሞጣ መስጂዶች ተቃጠሉ። እናቶቻችን «አላልናችሁም?» አላሉም፤ ዝም አሉ። ለእኛ ከባዱ ወተቱንና ቃጠሎውን አንድ ላይ መያዝ ነበር። አንዱን አንሥቶ ሌላውን ለመሻር የሚሞክር ሰው በሁለቱም በኩል አጋጥሞናል። እኛ ሁለቱንም አይተናል፤ አንዱም አንዱን አልሻረልንም።

በነሐሴ 2013 ጦርነቱ ጉና ደረሰ፤ ደብረ ታቦር ላይም ከባድ መሣሪያ ወደቀ። የመሪያችን ልጅ ስልክ ለብዙ ሳምንት ዝግ ሆኖ ቆየ። በመጨረሻ ሲያነሳ፣ ያሳደሩንን እናት ጠየቅነው። ወደ ዘመድ ሸሽተው ነበር፣ ተመልሰዋል፣ ቤተሰቡ በሕይወት አለ አለን። ላሟ ግን የለችም። ከ2015 ክረምት ወዲህ መንገዱ እንደገና የሚሞከር አልሆነም፤ ስልኩም አንዳንዴ ይሠራል፣ አንዳንዴ አይሠራም። ባለፈው ሲሠራ ልጁ የእሳቸውን መልእክት ነገረን፦ ልጅ ወልደን እንደሆነ፣ ከእነልጃችን መቼ እንደምንመጣ ይጠይቃሉ። አንዱ ጀሪካናችንም እሳቸው ጋ ቀርቶ ነበር። ሲሸሹ ይዘውት ሄደው፣ ይዘውት ተመልሰዋል።