ሰባት ቤትና ሁለት መቶ ዓመት

በአገራችን አንድ ወጣት አንዲትን ልጃገረድ ለማግባት ሽማግሌ በላከ ጊዜ፣ ስለ ሀብቱና ስለ ትምህርቱ ከመጠየቁ አስቀድሞ የሚነሣ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም «የማን ልጅ ነው?» የሚለው ነው። ጥያቄው በአባት ስም አያበቃም። አያት፣ ቅድመ አያት፣ ምንጅላት እየተባለ እስከ ሰባት ቤት ወደ ላይ ይወጣል። በዚህ መሐል በወንድም በኩልና በሴቷ በኩል አንድ ስም የተገናኘ እንደ ሆነ ቡናው ተጠጥቶ፣ ምርቃቱ ተመርቆ፣ ሽማግሌው ወደ መጣበት ይመለሳል።

አንባቢ ሆይ! ይህ ነገር የጥንት ወሬ ብቻ እንዳይመስልህ። ትልልቆቹ ናዝሬት፣ እኛ ልጆቹ ደግሞ አዳማ በምንላት በዚህች የባቡርና የመኪና መንገድ ባሳደጋት ከተማ፣ ከየአገሩ የመጣ ሰው ተጋብቶ ስለሚኖር፣ ቈጠራው እንዲያውም ከገጠሩ ይልቅ የሚያደክም ነው። የእኛን ቤት ብቻ ብንመለከት፣ አባቴ ከምንጃር ነው፤ እናቴ ከመቂ አካባቢ ናት። አማራውም ሰባት ቤት ይቈጥራል፤ ኦሮሞውም ሰባት አባት ይቈጥራል፤ በብዙ ቦታም አንድ ጎሳ የሆኑት ጨርሶ አይጋቡም። ስለዚህ በእኛ ቤት ሁለት ዓይነት ቈጣሪ አለ ማለት ነው። ከሁሉ የበለጡት ቈጣሪ ግን የእናቴ እናት ናቸው፤ በኦሮምኛ አያት ማለት ስለ ሆነ «አኮ» እያልን እንጠራቸዋለን።

ዘር መቍጠር ለጥንቃቄ ብቻ ሳይሆን ለትዕቢትም እንደሚያገለግል «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያነበበ ሁሉ ያውቃል። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት በዚህ መጽሐፍ፣ ፊታውራሪ መሸሻ ልጃቸውን ሰብለ ወንጌልን የጠየቁትን ሁሉ በዘር አንሰው ስላገኟቸው ይመልሳሉ፤ ልጅቷም ዕድሜዋ እየገፋ ይሄዳል። የምትወደው በዛብህ በበኩሉ የደሃ ገበሬ ልጅ ከመሆኑም በላይ፣ ወላጆቹ እንዲያድግላቸው ሲሉ ገና በሕፃንነቱ ለቤተ ክርስቲያን የተሳሉት ነው። እርሷን የአባቷ ኩራት፣ እርሱን የወላጆቹ ስለት አሰራቸው። አኮ ታሪኩን ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው የሰሙት ሲሆን፣ የፊታውራሪ ስም በተነሣ ቍጥር «ያ ሰውዬ ቈጠራ አያውቅም፤ የሚያውቀው መናቅ ነው» ይላሉ።

ሰዎች ዘራቸውን እንደ ሕይወትና ሞት ጉዳይ አድርገው ሲቈጥሩ ያየሁት ግን በባዕድ አገር መጽሐፍ ነው። መጽሐፉ «አውትላንደር» ይባላል። አሜሪካዊቷ ደራሲ ዲያና ጋባልዶን የመጀመሪያውን ቅጽ በ1991 እ.ኤ.አ. አሳትማ፣ እስከ 2021 እ.ኤ.አ. ድረስ ዘጠኝ አድርሳዋለች። እኔ ያገኘሁት መንገድ ዳር አንጥፎ ከሚሸጥ መጽሐፍ ነጋዴ ነው። ክብደቱ እንደ ጡብ ነው፤ የፍቅሩም ነገር መጠን ያለፈ ስለ ሆነ ለአኮ እየተረጐምኩ ሳነብላቸው ብዙ ገጽ ዘልያለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ክሌር የምትባል እንግሊዛዊት ነርስ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ባለቀበት በ1945 ከባሏ ከፍራንክ ጋር ወደ ስኮትላንድ ደጋ ትሄዳለች። በዚያም በክብ ከቆሙ ጥንታዊ ድንጋዮች መካከል ስታልፍ ራሷን በ1743 ታገኘዋለች። ባሏ ለመወለድ ገና ከመቶ ኀምሳ ዓመት በላይ ይቀረዋል፤ ጋብቻው ግን አለባት! እዚያ ጄሚ ፍሬዘር የሚባል ጐልማሳ ታገባለች፤ ጠላታቸውም ጃክ ራንዳል የሚባል ጨካኝ የእንግሊዝ መኰንን ነው። ጭንቁ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ይህ ክፉ ሰው በቤተሰቡ መዝገብ የፍራንክ የሩቅ አያት ሆኖ ተጽፏል። እርሱ ሳይወልድ ከተገደለ ፍራንክ አይወለድም። ስለዚህ ክሌር ጄሚን ጠላቱን ለአንድ ዓመት ሳይገድል እንዲያቆይላት ትለምነዋለች።

ኋላ ግን እውነቱ ሌላ ሆኖ ተገኘ። ሜሪ ሆኪንስ የምትባል ልጅ ያረገዘችው ከጃክ ሳይሆን ከታናሽ ወንድሙ ከአሌክስ ነበረ። አሌክስ በሳንባ በሽታ ሊሞት ሲል ልጁ ስም እንዲያገኝ ብሎ ሜሪን ለወንድሙ ዳራት። ጃክም ወዲያው ሚያዝያ 16 ቀን 1746 እ.ኤ.አ. በኩሎደን ጦርነት ላይ ሞተ።

አኮ ምስር መልቀማቸውን ትተው፣ «ልጁን ያሳደገው ማን ነው?» አሉኝ።

«ጃክ አላሳደገውም፤ ሞቷል።»

«እንግዲያማ አባቱ የሞተው ታናሽ ነው። ስም ብቻ አባት አያደርግም።»

ክሌር ከዚያው ጦርነት በፊት የጄሚን ልጅ አርግዛ ወደ ራሷ ዘመን ትመለሳለች፤ ልጅቷ ብሪያና በ1948 ትወለዳለች። ፍራንክም የእርሱ አለመሆኗን እያወቀ በ1966 በመኪና አደጋ እስኪሞት ድረስ እንደ ልጁ አድርጎ ያሳድጋታል። ይህን ስነግራቸው አኮ «ጉዲፈቻ ነዋ!» አሉ። ጉዲፈቻ የኦሮሞ ሥርዓት ነው፤ ቃሉ ዛሬ አማርኛም ሆኗል፤ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቤተሰብ ሕግም ይጠቀምበታል። በሥርዓቱ መሠረት በጉዲፈቻ የተወሰደ ልጅ ከተወለደው ልጅ አይለይም።

«ታዲያ አኮ፣ አባቷ ማን ሊባል ነው?»

«ያሳደጋት ነዋ።»

«ጄሚስ?»

«እርሱም ነው። ሁለት አባት ያላት ልጅ ሁለት ጊዜ ትቈጥራለች።»

ይህን ቃል ያን ጊዜ እንደ ቀልድ ሰምቼው ነበር።

አኮን በጣም ያስጨነቃቸው የብሪያና ትዳር ነበረ። ያገባችው ሮጀር ማኬንዚ የተባለ የእርሷው ዘመን ሰው ነው። የጄሚ እናት ኤለንና ዱጋል የሚባለው ሰው የአንድ አባት የጃኮብ ልጆች ናቸው፤ ጃኮብ ለብሪያና ቅድመ አያት ነው። ሮጀር ደግሞ በሁለት መቶ ዓመት ሐረግ ወርዶ ወርዶ ከዚያው ከዱጋል የመጣ ነው። ዱጋል ከጊሊስ የወለደውን ሕፃን፣ ልጃቸው የሞተባቸው ሌሎች ማኬንዚዎች ወስደው አሳደጉት፤ የሮጀር ዘር ከዚህ ልጅ ይወርዳል። ሮጀር ራሱ ወደ ድሮው ዘመን ተሻግሮ በመርከብ ሲሄድ፣ ሽፍታ ስለ ወጣበት ወደ ባሕር ሊጣል የነበረን ሕፃን ከእናቱ ጋር ደብቆ ያድናል፤ ሕፃኑም የራሱ የሩቅ አያት ነው። በ1771 ደግሞ የዚያው ሕፃን አባት ማንነቱን ሳያውቅ ሮጀርን አሳልፎ ሰጥቶ በገመድ ያሰቅለዋል፤ ሮጀር ግን ከሞት ይተርፋል። ከጠቅላላው መጽሐፍ ይህን የሚያህል ክፍል አላገኘሁበትም።

አኮ ግን በጣታቸው እየቈጠሩ፣ «በልጁ በኩል ሰባት ይሞላ ይሆናል። በልጅቱ በኩል ሦስት ነው። አይጋቡም!» አሉ።

«ተጋብተዋል፤ ወልደዋልም።»

«የሚቈጥርላቸው ሽማግሌ አልነበረማ!»

ዱጋልን የገደለው የብሪያና አባት ጄሚ መሆኑን ስነግራቸውማ ምስሩን ጨርሰው አስቀመጡት። «ጉማ ተከፍሏል?» ብለው ጠየቁኝ። በእነርሱ አገር የሰው ነፍስ ያጠፋ ወገን ካሣ ከፍሎ፣ ደም አድርቆ፣ በሽማግሌ ፊት ሳይታረቅ ከሟቹ ዘር ጋር እንኳን ሊጋባ አብሮ ውሃ አይጠጣም። በዘጠኙ ቅጽ ውስጥ ለዱጋል ጉማ የከፈለ የለም።

ይህን ሁሉ ማውራቴ ያለ ምክንያት አይደለም። ባለፈው ዓመት ለታላቅ እኅቴ ከባቱ፣ በቀድሞ ስሙ ከዝዋይ፣ ሽማግሌ መጣ። ልጁ በአበባ እርሻ የሚሠራ፣ ሁላችንም የወደድነው ጨዋ ሰው ነበር። በአባቴ በኩል ቈጠራው በሰላም አለፈ። በእናቴ በኩል ግን አምስተኛው ቤት ላይ አንድ ስም ከወዲያም ከወዲህም ተጠራ። ቤቱ ጸጥ አለ።

ስሙ የአኮ ቅድመ አያት ስም ነው። የአኮ አያት የእርሱ የአብራኩ ክፋይ አልነበሩም። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ከብቱ አብዛኛው አልቆ፣ ሰዉም በረሀብ በረገፈበት በክፉ ቀን፣ ወላጆቻቸው ያለቁባቸው ሕፃን ነበሩ፤ ይህ ሰው አንሥቶ በጉዲፈቻ አሳደጋቸው። ከባቱ የመጣው ወጣት ከዚያው ሰው የተወለደ ነው።

አባቴ ይህን እንደ ሰማ ደስ ብሎት፣ «ደም ከሌለ ምኑ ይቈጠራል?» አለ። ከሽማግሌዎቹም ሁለቱ ራሳቸውን በእሺታ ነቀነቁ፤ ሦስተኛው ግን ወደ አኮ ተመለከቱ። አኮ ቀስ ብለው ተናገሩ። «ያ ሕፃን ሜዳ ላይ ተኝቶ ሲያለቅስ ‹ደሜ አይደለም› ብሎት ቢያልፍ ኖሮ እኔም የለሁ፣ ይህችም ልጅ የለች። ‹ልጄ› ብሎ አነሣው። ዛሬ ሠርግ ስላማረን ልጁ አልነበረም እንበል?»

መልስ የሰጠ ሰው አልነበረም። ሽማግሌዎቹ መርቀው ወደ ባቱ ተመለሱ። እኅቴ የቡናውን ሲኒ ሰብስባ ወደ ጓዳ ገባች።

እኔ ይህን ነገር ብዙ ጊዜ አውጥቼ አውርጄዋለሁ። እኅቴንና ያንን ወጣት የለያያቸው እንደ ፊታውራሪ መሸሻ ያለ ኩራት ቢሆን ኖሮ መጥላት ይቀለኝ ነበር። የለያያቸው ግን ከ130 ዓመት በፊት የተደረገ ደግነት ነው። በደም ቢሆን ሁለቱ ባዕድ ናቸው፤ የሚከለክላቸው አልነበረም። የአኮ ቃል እውነት ነው፤ ፍራንክን የብሪያና አባት ነው ካልኩ፣ ያንንም ሰው የእኛ አባት አይደለም ልል አልችልም። ነገር ግን እኅቴ ሲኒውን ስትሰበስብ እጇ ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ፤ በዚያች ሰዓት አባቴ ቢያሸንፍ ደስ ባለኝ ነበር። አኮም ከዚያ ቀን ወዲህ መጽሐፉን አንብብልኝ ብለው አያውቁም።

እኅቴ አሁን በሻሸመኔ አስተማሪ ናት። ስትሄድ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቅጾች ይዛ ሄደች። በቅርቡ ደውላ፣ ክሌር ወደ ጄሚ ትመለስ እንደ ሆነ ጠየቀችኝ። በሦስተኛው ቅጽ በ1968 ተመልሳ በድንጋዮቹ መካከል እንደምታልፍ፣ በ1766 ኤዲንብራ ከተማ ውስጥ በማተሚያ ቤት ሲሠራ እንደምታገኘው፣ እርሱም ባያት ጊዜ ራሱን ስቶ እንደሚወድቅ ነገርኳት።

«ስንት ዓመት ቈይታ?» አለችኝ።

«ሃያ።»

ጥቂት ዝም አለች። ሦስተኛውን ቅጽ ወደ ሻሸመኔ በሚሄድ ሰው እንድልክላት ልትነግረኝ ስትጀምር ካርዷ አለቀ።